ጭነቱ ከወረደ በኋላ

የመጨረሻዎቹ የሲሚንቶ ከረጢቶች ሲወርዱ የተሳቢው ባሌስትራ ቀና አለ። ከሌሊት ጀምሮ ወደ ጎማው ተጭኖ የነበረው ወለል ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ጫኝና አውራጆቹ ግራጫውን ብናኝ ከልብሳቸው እያራገፉ ሒሳባቸውን ሊቀበሉ ወደ ጥላው ሄዱ። ረዳቱ ስፖንዳውን ዘጋግቶ ሸራውን ይጠቀልላል። ሾፌሩ መዶሻ ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ተሳቢውን ይዞራል።

“ጋሼ፣ አሁንማ ቀሎናል፤ ለምሳ አቀስታ እንደርሳለን” አለ ረዳቱ።

“አብሽር፣ መድረሱንስ እንደርሳለን። ግን ይሄ ነገር ሲቀል ነው የሚያስቸግረው” አለው ሾፌሩ፣ የጎታች ዘንጉን ቀለበት በእጁ እየነቀነቀ።

ከመካነ ሰላም ወጥተው የተቆፋፈረው ጠጠር ላይ ሲደርሱ ነገሩ ለረዳቱ ገባው። ሲመጡ በክብደቱ ረግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ የተከተላቸው ተሳቢ አሁን ይዘላል። ስፖንዳው ይንቋቋል። ቀለበቱ ፒኑ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይጋጫል፤ ግጭቱ በሻንሲው በኩል መጥቶ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ወገብ ይነካል። በጎን መስታወት ለሚመለከት ሰው የኋለኛው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ሲያርፍ በግልጽ ይታያል።

በአገራችን ስለ ከባድ መኪና ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ጭነት ነው፤ ስንት ኩንታል ጫነ፣ ሚዛን ጣቢያው አሳለፈው ወይስ መለሰው፣ ዳገቱን ወጣ ወይስ ቀረ። ጭነቱ ከወረደ በኋላ ያለው መንገድ እንደ እረፍት ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ብዙ ያስከፍላል። ባዶ ተሳቢ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ አደጋና የራሱ አያያዝ አለው። ባሌስትራው፣ የጎማው ንፋስ፣ ፍሬኑና ማያያዣው ለሙሉ ጭነት የሚታሰብላቸውን ያህል ለባዶው ጉዞም ሊታሰብላቸው ይገባል።

ደጋው የሚቀበለውና የሚሰጠው

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወረዳዋ በምዕራብ በኩል እስከ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። በሰሜን የሳይንት አገር ይዘረጋል፤ የደንቆሮ ደን ያለበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ለጋምቦን ማቋረጥ አለበት፤ አምባ ፈሪት ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማሳውን ነጭ የሚያደርግበት ብርዳም አገር ነው። ከአቀስታ አልፎ ጉጉፍቱ፣ ከዚያም ደሴ ይገኛል። ወደ ከላላ፣ ወደ ወግዲና ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠጠርና አፈር ናቸው።

ወደዚህ ደጋ የሚወጣው ጭነት ከባድ ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ማዳበሪያ ይወጣል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከከፈተ ወዲህ የግንባታው ዕቃም ተጨምሯል። የሚወርደው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ባሕር ዛፍ ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ወቅት አለመገጣጠማቸው ነው። ማዳበሪያው ገበሬው ለመኸር ከመዝራቱ በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ መድረስ አለበት፤ ያ ወቅት ጎተራው የሚሟጠጥበት እንጂ እህል የሚጫንበት ጊዜ አይደለም። እህሉ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያውን ያደረሰው ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይመለሳል።

የአገሪቱም መልክ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ ንግዷ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠውን በጅቡቲ በኩል ታካሂዳለች፤ የምታስገባው ዕቃ በክብደት ከምትልከው እጅግ ይበልጣል። ብረትና ነዳጅ፣ ስንዴና ማዳበሪያ ሞልቶ ይገባል፤ ቡናና ሰሊጥ ግን ወደ ወደቡ የሚወርዱትን መኪናዎች ሁሉ ሊሞሉ አይችሉም። በመሆኑም በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ባዶ ተሳቢ የዕለት ተዕለት እይታ ነው፤ ከአንድ ደርሶ መልስ ግማሹ የእሱ ነው።

የሴባስቶፖል መንገድ

ይህ አገር በመንኮራኩር የሚጎተት ከባድ ነገር ያየው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን አስከትለው ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በሠረገላ ላይ ሆኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት ተጎተተ። ንጉሠ ነገሥቱ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ለማቋረጥ መንገድ እያስጠረቡ፣ ድንጋይ እያስፈለጡ፣ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው መቅደላ አምባ በመጋቢት ደረሱ። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ።

በዚያ ጉዞ ሁሉም ነገር ለአንድ ክብደት ተለክቷል። የመንገዱ ስፋት፣ የዳገቱ ቁልቁለት፣ የሚጎትተው ሰው ቁጥር፣ ሁሉም ለሴባስቶፖል ነበር። ጉዞውም መሄድ ብቻ ነበር፤ መመለስ አልነበረውም። የዛሬው ተሳቢ ግን በአንድ ቀን በሁለት ክብደት ይሄዳል፤ ጠዋት በሙሉው፣ ከሰዓት በሩቡ። ለጠዋቱ ክብደት ተለክቶ የተሠራ ተሳቢ ከሰዓት በኋላ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ለምን ይዘላል?

ባሌስትራ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች እሽግ ነው። ተሳቢ ሠሪው የቅጠሎቹን ብዛትና ውፍረት የሚመርጠው ተሳቢው ሙሉ ጭነት ይዞ ጉድጓድ ሲመታ ወለሉ ከአክስሉ ጋር እንዳይጋጭ አስቦ ነው። የሚመርጠው ባሌስትራ እንግዲህ ጠንካራ ይሆናል።

ባዶውን 6 ቶን የሚመዝን፣ 18 ቶን የሚጭን ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ እንውሰድ። ከ6ቱ ቶን 2 ቶን ያህሉ ከባሌስትራው በታች ያለው አክስል፣ ቸርኬ፣ ጎማና የፍሬን ታምቡር ነው እንበል። ስለዚህ ባሌስትራው ሲሞላ የሚሸከመው 22 ቶን፣ ባዶ ሲሆን ግን 4 ቶን ብቻ ነው። በ22 ቶን 11 ሴንቲ ሜትር የሚረግብ ባሌስትራ በ4 ቶን የሚረግበው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በረገበ መጠን ዝግ ብሎ ይወዛወዛል፤ ባልረገበ መጠን ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሒሳቡ ሲሠራ የሞላው ተሳቢ በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ሲል ባዶው ሦስት ጊዜ ተኩል ይንቀጠቀጣል። የተቀመጠ ሰው ሰውነት ወደ ላይና ወደ ታች በሚሆን ንዝረት ይበልጥ የሚታወከው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው፤ ባዶው ተሳቢ ወደዚህ ክልል እየተጠጋ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በቅጠሎቹ መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። ባሌስትራ ሲረግብ ቅጠሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ተሳቢው ሲሞላ እያንዳንዱ ጉብታ የሚፈጥረው ኃይል ይህን ፍትጊያ በቀላሉ ያሸንፋል፤ እንዲያውም ፍትጊያው ውዝዋዜውን ቶሎ ስለሚያስቆም ይጠቅማል። ባዶ ሲሆን ግን ትንንሹ ጉብታ ፍትጊያውን ማሸነፍ ያቅተዋል። ዝገትና ጭቃ በቅጠሎቹ መካከል ከገባ ደግሞ እሽጉ ተቆልፎ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናል። ያኔ ተሳቢው ባሌስትራ እንደሌለው ይቆጠራል፤ የቀረው ብቸኛ መለጠጫ ጎማው ነው። ጎማ ደግሞ ከተጨመቀ በኋላ ኃይሉን መልሶ ይወረውራል እንጂ አያበርደውም።

ሦስተኛው ከባሌስትራው በታችና በላይ ያለው ክብደት ጥምርታ ነው። ሲሞላ 2 ቶን የሚመዝነው የአክስልና የጎማ ክፍል ከላዩ 22 ቶን ተጭኖታል፤ ቢዘል እንኳ ከላይ ያለው ክብደት መልሶ መሬት ያስይዘዋል። ባዶ ሲሆን የታችኛው የላይኛውን ግማሽ ያክላል። ጎማው ሲነሣ ወለሉንም ይዞ ይነሣል።

የተሸነሸነ ጠጠር

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። በደረቅ ወቅት ግሬደር ካየ በሰነበተ የጠጠር መንገድ ላይ በመንገዱ ወርድ ተሰልፈው የሚከታተሉ ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ፤ ላያቸው እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይመታል። የከባድ ተሳቢ አክስልና ጎማ በራሳቸው ጠባይ የሚዘሉትም በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አካባቢ ነው። መንገዱ ተሳቢውን በሚወደው ምት ይመታዋል፤ ዝላዩም እየበረታ ይሄዳል።

ይህ ሽንሽን ከየት መጣ? ኪት ማዘር የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ጎማን በአሸዋ ላይ በክብ እያዞረ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1963 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ አውጥቶ ነበር። ታበርሌ፣ ሞሪስና ማኬልዌይን የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በሚሽከረከር የአሸዋ ወለል ላይ ሙከራውን አጠናከሩት። ያዩት ነገር ለመንገድ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ አሸዋው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጎማው ትንሽ ጉድለት ባገኘ ቁጥር ይዘላል፣ ሲያርፍ ይጎደጉዳል፣ ቀጣዩንም ጉብታ ይሠራል። ባሌስትራ የሌለው ጎማ እንኳ ይህንኑ ያደርጋል። የሚዘል ጎማ የሚያዘልል መንገድ ይሠራል፤ ዛሬ ባዶውን የሮጠ ተሳቢ ለነገው መኪና ጉብታ ትቶለት ይሄዳል።

ብዙ ሾፌሮች መፍትሔ የሚሉት ፍጥነት መጨመርን ነው። በእርግጥ ከአንድ ፍጥነት በላይ ጎማው ከጉብታ ጫፍ ወደ ጉብታ ጫፍ እየዘለለ ስለሚያልፍ ጋቢናው ጸጥ ይላል። ግን ይህ ጸጥታ ጎማው መሬቱን ለቆ የተገኘ ነው። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን አይዝም፤ መሪም አይታዘዝም። ኩርባ ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ በግ የሚያሻግር እረኛ ድንገት ሲገጥም ዋጋው ሕይወት ነው።

ጋራዥ ውስጥ

የባዶ ጉዞ ሒሳብ የሚወራረደው ጋራዥ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ተሳቢ ሥር ተኝቶ የሚሠራ መካኒክ የሚያገኛቸው ጉዳቶች ይመሳሰላሉ። የላላ ዳዶ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የተበላ የባሌስትራ ፒንና ቡሽ፣ የተቆረጠ የኋላ መብራት ሽቦ ያገኛል። ቅጠል የተሰበረበት ባሌስትራም አለ። ብረት በአንድ ትልቅ ጭነት ብቻ አይሰበርም፤ ትንሽ ሆኖ እልፍ ጊዜ የተደጋገመ ምት ያደክመዋል። ሙሉው ጭነት ብረቱን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ባዶው ዝላይ ደግሞ እያጠበቀና እያላላ ይፈትነዋል።

በጋራዥ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም መታረም አለባቸው። አንደኛው ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ባለንብረቱ ከተፈቀደው በላይ ለመጫን ሁለት ሦስት ቅጠል ያስጨምራል። ተሳቢው ጭነቱን ይሸከማል፤ መንገዱ ግን አይሸከመውም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው አንድ አክስል በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ያህል ያድጋል። ከወሰኑ 20 ከመቶ የበለጠ አክስል ጉዳቱን በእጥፍ ያበዛል ማለት ነው። ያው ተሳቢ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ጠንካራ ባሌስትራ ላይ ነው የሚዘለው። ባለንብረቱ ሲሄድ መንገዱን፣ ሲመለስ የራሱን ንብረት ይሰብራል።

ሁለተኛው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ተሳቢው ባዶውን እንዲለሰልስ ቅጠል ማስቀነስ። ባዶው ጉዞ በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን በማግስቱ ሙሉ ጭነት ሲመጣ የቀሩት ቅጠሎች ከአቅማቸው በላይ ይታጠፋሉ፤ ተሳቢው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ዐባይ ሸለቆን በመሰለ ቁልቁለት ላይ ቅጠል መሰበር ማለት መገልበጥ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ የቅጠል ቁጥር መጨመርም መቀነስም የለበትም።

የሚሠሩ መፍትሔዎች

መፍትሔው ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምራል፤ እሱም የማያያዣውን መላላት ማስተካከል ነው። የጎታች ዘንጉ ቀለበትና የሚይዘው ፒን በጊዜ ብዛት ይበላሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲፈጠር ባዶው ተሳቢ በዝላዩ ሁሉ መኪናውን ይመታል፤ ምቱም ክፍተቱን ያሰፋዋል። የተበላ ቀለበት በብየዳ መሙላት የሚፈልጉ አሉ፤ ብየዳ የዚህን ብረት ጠባይ ስለሚለውጥ በድንገት ሊሰበር ይችላል። ቡሹን ወይም ቀለበቱን ራሱን መቀየር ነው የሚያዋጣው። ለትንሽ ተሳቢ ባለቤት፣ በፒክአፕ ጀነሬተር ወይም የውኃ ታንክ ለሚጎትት፣ ከጉዞ በፊት መያዣውን በእጅ ነቅንቆ ማየት ብቻ መላላቱን ያሳውቀዋል።

ቀጥሎ የባሌስትራው ጤና ይመጣል። እሽጉን አስፈትቶ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ በቅጠሎቹ መካከል ግራሶ መቀባት፣ የተበላውን ፒንና ቡሽ መቀየር የተቆለፈውን ባሌስትራ ይፈታዋል። ክረምቱ አልፎ የለጋምቦ ጭቃ ሲደርቅ ይህ ሥራ መሠራት አለበት፤ ጭቃው በቅጠሎቹ መካከል ደርቆ የሚቆልፈው ያኔ ነው። አዳዲስ ተሳቢዎች ጫፋቸው የሚሳሳ ጥቂት ረጃጅም ቅጠሎች ያሏቸው ባሌስትራዎች ይዘው ይመጣሉ፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ንክኪ ትንሽ በመሆኑ ባዶም ሲሆኑ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ንፋስ ነው፤ ብዙ የሚያተርፈውም ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ይኸው ነው። የጎማ አምራቾች ለየክብደቱ የሚመጥን የንፋስ መጠን በሰንጠረዥ ያወጣሉ። ለሙሉ ጭነት 8 ባር የሚጠይቅ ጎማ በሩብ ክብደት ያንን ሁሉ ንፋስ አይፈልግም። በሰንጠረዡ መሠረት ሲቀነስለት የጎማው ጎን ይለሰልሳል፤ ትንንሹን ጉብታ ባሌስትራው ሳይሰማ ጎማው ይውጠዋል። በሌላው ዓለም በደን መንገድ የሚሠሩ ከባድ መኪናዎችና ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚቀንስበትና የሚጨምርበት መሣሪያ የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። የእኛ ሾፌር ይህ መሣሪያ ባይኖረውም የአየር ፍሬን ያለው መኪና የራሱ ኮምፕሬሰር አለው፤ ጎማ መሙያ ቱቦ ከተገጠመለት መንገድ ላይ መሙላት ይችላል።

ጥንቃቄው ይህ ነው፤ ንፋሱ የተቀነሰ ጎማ በጭነትና በፍጥነት ይግላል፣ ይፈነዳልም። ስለዚህ የተቀነሰው ንፋስ ተሳቢው እንደገና ከመጫኑ በፊት መመለስ አለበት፤ ጥንድ ጎማዎችም እኩል መሆን አለባቸው። በመዶሻ መምታት የወረደ ጎማን ካልወረደው ይለያል እንጂ 6 ባርን ከ8 ባር አይለይም፤ መለኪያ የግድ ነው። አየር ጠባዩም ይታሰብ። በጅቡቲ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ ላይ 8 ባር የተሞላ ጎማ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሲለካ 7.4 ባር ገደማ ይሆናል። የከፍታው ቀጭን አየር ትንሽ ቢጨምርለትም ብርዱ ከዚያ የሚበልጥ ይወስድበታል። ንፋሱ የሚለካው በሚነዱበት አገር ብርድ ነው።

አራተኛው ረዳት ባሌስትራ ነው። በብዙ የአይሱዙ መኪናዎች የኋላ አክስል ላይ ዋናው ባሌስትራ በላዩ ሌላ አጭር እሽግ ተሸክሞ ይታያል። መኪናው ባዶ ሲሆን የሚሠራው ለስላሳው ዋና ባሌስትራ ብቻ ነው፤ ጭነት ሲመጣና ወለሉ ሲረግብ የላይኛው እሽግ ከማረፊያው ጋር ተገናኝቶ ያግዛል። ለሁለት ክብደት ሁለት ጥንካሬ ማለት ነው። ተሳቢ የሚያሠራ ሰው ይህን አሠራር ከመጀመሪያው ሊጠይቅ ይችላል።

አምስተኛው ሾክ አብዞርበር ነው። በባሌስትራ የሚሄዱ ብዙ ተሳቢዎች የላቸውም፤ በሙሉ ጭነት የቅጠሎቹ ፍትጊያ ይበቃል ተብሎ ስለሚታሰብ። ጎማው ሲዘል ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያበርድ ነገር ግን በባዶው ጉዞ ያስፈልጋል። ሾክ የሚጠቅመው ባሌስትራው ሲንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ በተቆለፈ ባሌስትራ ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጽዳቱ ይቅደም። ከዚህ በላይ የሚገኘው የአየር ትራስ ነው። በክብደቱ ልክ አየር ስለሚሞላና ስለሚያስወጣ ባዶም ሙሉም ሲሆን ልስላሴው ተቀራራቢ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ጠጠር የሚወረወርበት መንገድም ለቱቦውና ለትራሱ አይመችም። አስፋልት ላይ ለሚውል ተሳቢ እንጂ ወደ ወግዲ ገጠር ለሚወርድ አይመከርም።

ማመዛዘኛ ክብደት መጫንም ይቻላል። በፒክአፕ የሚጎተት ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ላይ ጥቂት የአሸዋ ከረጢቶች ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት በደንብ ታስረው ሲቀመጡ ዝላዩ ይቀንሳል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶው በመያዣው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ይህም ከዝላይ የከፋ ነው። ለትልቅ ተሳቢ ግን አሸዋ መጫን ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው። በካናዳና በኒውዚላንድ ግንድ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ባዶውን ተሳቢ አንሥተው በመኪናው ጀርባ ላይ ይጭኑታል፤ ጎማውም ባሌስትራውም መንገዱም ያርፋል።

በገጠሩ የትራክተር ተሳቢና የፈረስ ጋሪ አሉ። ብዙዎቹ ባሌስትራ ጭራሽ የላቸውም። ለእነሱ መለጠጫው ጎማው ብቻ ስለሆነ የንፋሱ ልክ ሁሉ ነገር ነው። የመኪና ጎማ የተገጠመለት ጋሪ ለጭነት ተብሎ ድንጋይ እስኪሆን ተነፍቶ ባዶውን ሲሄድ እያንዳንዱ ጠጠር በፈረሱ ትከሻና በነጂው አከርካሪ ላይ ያርፋል። ትንሽ ንፋስ መቀነስ ለእንስሳውም ምሕረት ነው።

ፍሬንና ቁልቁለት

ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው የፍሬን ነገር ነው። ለ24 ቶን የተለካ የፍሬን ኃይል 6 ቶን ላይ ሲያርፍ ጎማው ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ተሳቢው ከመኪናው መስመር ወጥቶ ተቃራኒውን መንገድ ይጠርጋል። ልቅ ጠጠርና እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ይህ በቀስታ ፍሬንም ይደርሳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ድሮም ነበረ። በቆዩት የአውሮፓ ተሳቢዎች ላይ ባዶ፣ ግማሽና ሙሉ የሚል የእጅ መምረጫ ያለው የፍሬን ቫልቭ ይገኝ ነበር። ጭነት በወረደ ቁጥር ረዳቱ ወርዶ ማዞር ነበረበት። በኋላ የመጡት ከአክስሉ ጋር በዘንግ ተያይዘው ባሌስትራው ሲረግብና ቀና ሲል በራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው። ይህ ዘንግ ሲሰበር ወይም ሲላላ ብዙ ጊዜ በሽቦ ይታሰራል፤ ቫልቩም ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ይቀራል። ፍሬኑ ይሠራል፤ ከሚገባው በላይ ግን ይሠራል። ስለ ቅጠል ማስጨመር የተባለው እዚህም ይደገማል፤ የደነደነ ባሌስትራ ስለማይረግብ ቫልቩ ሙሉውን ጭነት ባዶ አድርጎ ያነበዋል፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓትም ፍሬኑን ያሳንሰዋል።

ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃሟ ጉንደወይን ለማለፍ ወደ ዐባይ የሚወርድ ሾፌርም፣ ከለጋምቦ ከፍታ የሚወርደውም ስለዚህ የተሳቢውን ፍሬን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በሁለት ዓይን ማየት አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ርቀት መጠበቅ፣ ፍሬንን በድንገት አለመርገጥ ለሙሉ ጭነት ብቻ የተባለ ምክር አይደለም።

ከባለንብረት እስከ ማኅበር

የተዘረዘረው ሁሉ አብዛኛው ውድ አይደለም። የንፋስ መለኪያ፣ ግራሶ፣ ቡሽ፣ የቫልቩን ዘንግ መልሶ መግጠም፣ በጠጠር ላይ ዝግ ማለት ማንኛውም ባለንብረት የሚችለው ነው። የሚጎድለው ባዶ ጉዞን እንደ ሥራ ቆጥሮ ጊዜና ኃላፊነት መስጠት ነው። ሾፌር ጭነት ካራገፈ በኋላ ንፋስ ቀንሶ፣ ቫልቭ አይቶ፣ ዳዶ አጥብቆ ለመነሣት የሚያጠፋው ጊዜ ከጉዞው ላይ እንደ ስንፍና መቆጠር የለበትም። ባለቤቱ ቶሎ ናልኝ እያለ በስልክ ሲያጣድፈው ሾፌሩ የሚቆጥበው ከጥንቃቄው ላይ ነው፤ ወጪው ዞሮ የሚመጣው ወደ ባለቤቱ ጋራዥ ነው።

ለባዶ ተሳቢ የመጨረሻው መድኃኒት ግን ባዶ አለመሆኑ ነው። የጭነት መኪና ማኅበራት ተራ ይዘው ጭነት ያከፋፍላሉ፤ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ደግሞ ማዳበሪያ ይቀበላሉ፣ እህል ይሰበስባሉ። እነዚህ ሁለቱ ቀድመው ቢነጋገሩ፣ ከመኸሩ የተረፈው ስንዴ ወይም ባቄላ በመጋዘን ቆይቶ ማዳበሪያ ባመጣው ተሳቢ እንዲወርድ ቢዋዋሉ፣ አንድ ነዳጅ ሁለት ሥራ ይሠራል። ገበሬውም ሁሉም ሰው በሚሸጥበት በጥር ገበያ ከመሸጥ ይተርፋል፤ ባለመኪናውም ለመመለሻው ይከፈለዋል። ለዚህ መጋዘን፣ የጊዜ ሰሌዳና መተማመን እንጂ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም።

ያ እስኪሆን ድረስ በተሳቢው ጎን ላይ ሊጻፍ የሚገባ አንድ ነገር አለ። የመኪና የመጫን አቅም በጉልህ ይጻፋል፤ ትራፊክ ፖሊሱም ሚዛን ጣቢያውም ያነበዋል። ከጎኑ ሁለት ቁጥሮች ይጨመሩ፤ ሲሞላ የሚያስፈልገው የጎማ ንፋስና ባዶ ሲሆን የሚያስፈልገው። በአምራቹ ሰንጠረዥ ተሰልቶ፣ ከየጎማው በላይ በቀለም ይጻፍ። ረዳቱ ቢቀየር፣ ሾፌሩ ቢቀየር፣ ተሳቢው ቢሸጥ ቁጥሩ እዚያው ይቆያል። ጭነቱ በወረደ ቁጥር ምን መደረግ እንዳለበት ለማወቅ የሚያስፈልገው መለኪያ ይዞ ያንን ቁጥር ማንበብ ብቻ ይሆናል።